ከ14ኛና ዩ እስከ 9ኛና ፒ፦ ሳይራመዱ መንገድ መቁጠር

ባለፈው ቅዳሜ ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ካሬ ወረቀትና ባለቀለም እርሳሶቿን ይዛ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ነበር። የያዘችው ጥያቄ ከትምህርት ቤት የተሰጣት ሳይሆን እኔ የሰጠኋት ነው። ከአንድ ቀን በፊት ዋሽንግተን ውስጥ፣ ከ14ኛ ጎዳናና ከዩ ጎዳና መገናኛ ተነስተን ወደ 9ኛ ጎዳናና ፒ ጎዳና መገናኛ በእግራችን ስንወርድ፣ «ወደ ኋላ ሳንመለስ፣ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ብቻ እየሄድን እዚያ ልንደርስባቸው የምንችላቸው የተለያዩ መንገዶች ስንት ይመስሉሻል?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። እሷም እያንዳንዱን መንገድ በተለየ ቀለም እየሳለች ልትቆጥራቸው ተነሳች። ሠላሳ ያህል ከሳለች በኋላ ወረቀቱ በመስመር ተጨናንቆ የትኛውን እንደቆጠረችና የትኛው እንደቀራት መለየት አቃታት። «አባዬ፣ ይኼ እኮ አያልቅም» አለችኝ። ማለቁንስ ያልቃል፤ የሚያልቀው ግን በመሳል አይደለም። እንዴት እንደሚያልቅ ለእሷ ያስረዳሁትን፣ ለእሷም ገና ያላስረዳሁትን ጭምር እዚህ ላይ ላሰፍር ፈለግሁ፤ ምክንያቱም ከተማሪነቴ ጀምሮ ከሒሳብ ሁሉ ይበልጥ ልቤን የሚያሞቀው ይህ ጉዳይ ነው።

አስቀድሜ ስለ ቦታው ልናገር። የዋሽንግተን መሐል ከተማ በ1791 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፒየር ሌንፋንት ከነደፈው ፕላን ጀምሮ በካሬ መረብ ላይ የተዘረጋ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርዱት ጎዳናዎች በቁጥር፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጧቸው ደግሞ በላቲን ፊደላት ይጠራሉ። ጄ የሚባል ጎዳና በፊደሉ ተራ ውስጥ የለም፤ እኛ በሄድንበት ክፍል ግን ዩ፣ ቲ፣ ኤስ፣ አር፣ ኪው፣ ፒ ሳይዘለሉ ይከታተላሉ። ስለዚህ ከ14ኛ እስከ 9ኛ ወደ ምሥራቅ አምስት ብሎክ፣ ከዩ እስከ ፒ ወደ ደቡብ አምስት ብሎክ አለ። በመካከላቸው ያሉትን አጫጭር መንገዶች ትቻቸዋለሁ፤ ጎዳናዎቹንም ሁሉ ያለ ክፍተት የተዘረጉ አድርጌ ወስጃለሁ። የብሎኮቹ ርዝመት እኩል አለመሆኑ ግን ምንም አያስቸግርም፤ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ብቻ የሚሄድ ሰው በየትኛውም መንገድ ቢሄድ የሚጓዘው ጠቅላላ ርቀት አንድ ነውና። ከተማዋን የሚያውቅ ሰው «ቬርሞንትና ሮድ አይላንድ የሚባሉት ሰያፍ አቬኑዎች ያቋርጡ የለም ወይ?» ሊለኝ ይችላል። ያቋርጣሉ፤ ሁለቱም ግን ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚሄዱ ስለሆኑ፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ለሚወርድ እግረኛ አቋራጭ አይሆኑትም።

አሁን ወደ ቆጠራው። የመጀመሪያው እርምጃ ሥዕሉን ትቶ መንገዱን በፊደል መጻፍ ነው። አንድ ብሎክ ወደ ምሥራቅ በሄድን ቁጥር «ም»፣ አንድ ብሎክ ወደ ደቡብ በሄድን ቁጥር «ደ» ብንጽፍ፣ እያንዳንዱ መንገድ አምስት «ም» እና አምስት «ደ» ያሉበት ባለ አሥር ፊደል ቃል ይሆናል። እንዲህ ያለ ቃል ሁሉ ደግሞ በተራው አንድ መንገድ ይሆናል። ስለዚህ መንገድ መቁጠርና ቃል መቁጠር አንድ ሥራ ነው። ቃል ለመሥራት ደግሞ ከአሥሩ ቦታዎች «ደ» የሚቀመጥባቸውን አምስቱን መምረጥ ብቻ ይበቃል፤ የቀሩት በግድ «ም» ይሆናሉ። አምስት ቦታ በቅደም ተከተል ለመምረጥ 10 × 9 × 8 × 7 × 6 = 30,240 መንገድ አለ። ነገር ግን አምስቱ «ደ»ዎች አንዱ ከሌላው ስለማይለዩ፣ ተመሳሳይ ምርጫ 5 × 4 × 3 × 2 × 1 = 120 ጊዜ ተደጋግሞ ተቆጥሯል። 30,240 ለ120 ሲካፈል 252 ይሆናል። ትምህርት ቤት ኮምቢኔሽን ብለን የተማርነው ይኸው ነው። ልጄ ሠላሳ ላይ ስታቆም ከስምንት አንዱን እንኳ አላገኘችም ነበር።

ይህን በሌላ መንገድም ማየት ይቻላል፤ ለልጆች ሲያስረዱት የበለጠ የሚገባውም እሱ ነው። በካርታው ላይ በእያንዳንዱ መገናኛ፣ እዚያ የሚያደርሱትን መንገዶች ብዛት ብንጽፍ፣ አንድ መገናኛ ላይ መድረስ የሚቻለው ከሰሜኑ ጎረቤት ወይም ከምዕራቡ ጎረቤት ብቻ ስለሆነ፣ የእሱ ቁጥር የሁለቱ ድምር ነው። በዩ ጎዳና ላይ ሁሉም 1 ነው። በቲ ላይ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6 ይሆናል። በኤስ ላይ 1፣ 3፣ 6፣ 10፣ 15፣ 21 ይከተላል። እንዲህ እየተደመረ ሲወርድ ፒ ጎዳና ላይ 1፣ 6፣ 21፣ 56፣ 126 ካለ በኋላ የመጨረሻው መገናኛ ላይ 252 ይቀመጣል። ካርታው በማዕዘኑ ቆሞ ሲታይ በፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ስም የፓስካል ሦስት ማዕዘን የሚባለው ነው። የፓስካል መጽሐፍ የታተመው እሱ ካረፈ በኋላ በ1665 ነው፤ ይሁን እንጂ ያንግ ሁይ የተባለው ቻይናዊ ይህንኑ ሠንጠረዥ በ1261 አስፍሮታል፤ ለዚያውም ከእሱ በፊት የነበረውን ጂያ ሺያንን ጠቅሶ። ስለዚህ ሠንጠረዡ በፓስካል ስም መጠራቱ ፍትሐዊ ነው አልልም።

ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል ነው ሲሜትሪ፣ ማለትም አንድ ቅርጽ ሲታጠፍ ወይም ሲዞር ሳይለወጥ መቅረቱ፣ የሚገባበት። ከአሥሩ ብሎክ አምስቱን ከሄድን በኋላ፣ ማለትም ልክ እኩሌታው ላይ፣ የት ልንሆን እንችላለን? ከስድስት መገናኛዎች በአንዱ ላይ፦ በ14ኛና ፒ፣ በ13ኛና ኪው፣ በ12ኛና አር፣ በ11ኛና ኤስ፣ በ10ኛና ቲ ወይም በ9ኛና ዩ። እስከ እነዚህ ድረስ የሚያደርሱት መንገዶች 1፣ 5፣ 10፣ 10፣ 5፣ 1 ናቸው። ከእነዚህ እስከ መድረሻው ያሉትስ? ካርታውን በግማሽ ብናዞረው መነሻውና መድረሻው ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ስለዚህ ቁጥሮቹ ሳይቆጠሩ የሚታወቁ ናቸው፤ እነዚያው ናቸው። በየመገናኛው የሚያልፉት መንገዶች እንግዲህ 1፣ 25፣ 100፣ 100፣ 25፣ 1 ይሆናሉ፤ ሲደመሩም 252። በፓስካል ሦስት ማዕዘን የአንድ ረድፍ ቁጥሮች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው ሲደመሩ የእጥፉን ረድፍ (እዚህ ከአምስተኛው የአሥረኛውን) መሐል ይሰጣሉ የሚለው ደንብ በእኛ ሰፈር ካርታ ላይ በአንድ እይታ ተረጋገጠ ማለት ነው።

ይህ ስርጭት ለረጅም ጊዜ ሳስበው የኖርኩትን አንድ ነገርም ያሳያል። 9ኛና ዩ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ተሰባስበው የኖሩበት፣ ብዙዎቻችን በቀጠሮም ያለ ቀጠሮም የምንገናኝበት ስፍራ ነው። ነገር ግን ከ252ቱ መንገዶች በዚያ መገናኛ የሚያልፈው አንድ ብቻ ነው። 12ኛና አር ላይ ግን፣ ማንም ቀጠሮ የማይሰጥበት ቢሆንም፣ 100 መንገዶች ያልፋሉ። አንድ መገናኛ ለጥገና ቢዘጋ ስንት መንገድ እንደሚቀር ማስላትም ከዚሁ ይወጣል፦ 12ኛና አር ቢዘጋ 152 ይቀራል። ሎጋን ሰርክል፣ ማለትም 13ኛና ፒ የሚገናኙበት አደባባይ፣ ቢዘጋ ግን የሚጠፋው 6 ብቻ ስለሆነ 246 ይቀራል። አደባባዩ በዓይን ትልቅ ነው፤ በቆጠራው ግን ዳር ላይ ነው።

አሁን መስታወት እናቁም። ከመነሻው እስከ መድረሻው በቀጥታ ሰያፍ መስመር ብናሰምርና መንገዱን በመስመሩ ላይ ብናጥፈው፣ «ም» ሁሉ «ደ»፣ «ደ» ሁሉ «ም» ይሆናል። እያንዳንዱ መንገድ እንዲህ ያለ መንታ አለው። ማንም መንገድ ደግሞ የራሱ መንታ ሊሆን አይችልም፤ የመጀመሪያው ፊደሉ ይቀየራልና። ስለዚህ መንገዶቹ ያለ ትርፍ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቆማሉ፤ ቁጥራቸውም የግድ ሙሉ በሁለት ተካፋይ ነው። ይህ ለ5 ብሎክ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም እኩል ጎን ላለው መረብ ይሠራል። 2፣ 6፣ 20፣ 70፣ 252፣ 924 ሁሉም በሁለት የሚካፈሉበትን ምክንያት ከቀመሩ ውስጥ ፈልጎ ማውጣት ሥራ አለው፤ ከመስታወቱ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ሁለተኛው መስታወት ተሻጋሪው ሰያፍ ነው፤ ከ14ኛና ፒ እስከ 9ኛና ዩ የተዘረጋው። ይህ መስታወት መነሻንና መድረሻን ስለሚያለዋውጥ መንገዱን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እናነባለን፤ በፊደል ሲታይ ቃሉን ገልብጦ መጻፍና ፊደላቱን ማለዋወጥ ነው። በዚህኛው መስታወት የራሳቸው መንታ የሆኑ መንገዶች አሉ፤ የመጀመሪያዎቹን አምስት ፊደላት እንደ ፈቀድን ብንጽፍ የቀሩት አምስቱ በመስታወቱ ይወሰናሉና፣ ብዛታቸው 2 × 2 × 2 × 2 × 2 = 32 ነው። ሦስተኛው ወረቀቱን በግማሽ ማዞር ነው፤ ቃሉን እንዳለ ገልብጦ ማንበብ። ከፊትም ከኋላም አንድ ሆኖ የሚነበብ ቃል ለማግኘት አምስቱ «ም» በሁለቱ ግማሾች እኩል መከፈል አለባቸው፤ አምስት ደግሞ ለሁለት እኩል አይከፈልምና እንዲህ ያለ ቃል የለም።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ለአንድ ጥያቄ ነው፦ በማጠፍና በማዞር አንዱ ሌላውን የሚሆኑትን እንደ አንድ ብንቆጥራቸው፣ ስንት በእውነት የተለያዩ ቅርጾች አሉ? ቸኩሎ 252ን ለ4 ማካፈልና 63 ማለት ይቻላል፤ ስሕተት ነው። ሠላሳ ሁለቱ የራሳቸው መንታ የሆኑት መንገዶች ቤተሰባቸው የአራት ሳይሆን የሁለት ነው፤ ስለዚህ 16 ቤተሰብ ይሆናሉ። የቀሩት 220 መንገዶች በአራት በአራት ተቧድነው 55 ቤተሰብ ይሆናሉ። ድምሩ 71 ነው። በርንሳይድ በተባለው እንግሊዛዊ ስም የሚጠራው ደንብ፣ ምንም እንኳ የሒሳብ ሊቃውንቱ ኮሺና ፍሮቤኒየስ ቀድመው የሚያውቁት ቢሆንም፣ ይህንኑ በአጭሩ ይናገራል፦ በእያንዳንዱ ለውጥ ሳይቀየሩ የሚቀሩትን ደምር፣ በለውጦቹ ብዛት አካፍል። 252 (ምንም ሳይነካ)፣ 0 (በመጀመሪያው መስታወት)፣ 32 (በሁለተኛው) እና 0 (በማዞር) ሲደመሩ 284፣ ለ4 ሲካፈሉ 71። በወረቀት መፈተሽ የሚፈልግ በሁለት ብሎክ ይጀምር፦ ምምደደ ከደደምም፣ ምደምደ ከደምደም፣ ምደደም ከደምምደ ጋር ይጣመራሉ፤ ስድስት መንገዶች፣ ሦስት ቅርጾች።

ከሁሉም አብልጬ የምወደውን ለመጨረሻ አቆይቻለሁ። ከመነሻው እስከ መድረሻው ያለውን ሰያፍ መስመር መንካት እንጂ ወደ ደቡብ ማለፍ አይፈቀድም እንበል፤ ማለትም በየትኛውም ጊዜ ወደ ደቡብ የተሄደው ብሎክ ወደ ምሥራቅ ከተሄደው መብለጥ የለበትም። የተፈቀዱት ስንት ናቸው? በቀጥታ መቁጠር ያስቸግራል፤ ደንቡ በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ የተጣለ ነውና። የተከለከሉትን መቁጠር ግን በመስታወት ይቻላል። ለምሳሌ ምደደምምምደደደም የሚለውን መንገድ እንውሰድ። ከሦስት እርምጃ በኋላ 13ኛና ኤስ ላይ፣ በደቡብ ሁለት፣ በምሥራቅ አንድ ሆኖ ደንቡን ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሰ። እስከዚያ ያለውን እንዳለ ትተን ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ እናለዋውጥ፦ ምደደ ከዚያም ደደደምምምደ። አሁን አራት «ም» እና ስድስት «ደ» አሉ፤ መንገዱም 9ኛና ፒ ላይ ሳይሆን 10ኛና ኦ ላይ ያልቃል።

ነጥቡ ይህ በአንድ መንገድ ላይ ብቻ የሆነ አለመሆኑ ነው። ደንቡን የጣሰ መንገድ ሁሉ፣ የትም ቦታ ይጣስ፣ እንዲህ ሲታጠፍ 10ኛና ኦ ላይ ይደርሳል። በተቃራኒው ደግሞ ወደ 10ኛና ኦ የሚሄድ መንገድ ሁሉ ከምሥራቅ ይልቅ ደቡብ የሚበዛበት ስለሆነ ደንቡን ሳይጥስ ሊደርስ አይችልም፤ መጀመሪያ በጣሰበት ቦታ ቢታጠፍ ወደ 9ኛና ፒ ይመለሳል። ስለዚህ የተከለከሉት መንገዶች ቁጥር ወደ 10ኛና ኦ የሚወስዱት መንገዶች ቁጥር ነው፤ ከአሥር ቦታ አራት መምረጥ፣ 210። የተፈቀዱት 252 ሲቀነስ 210፣ ማለትም 42 ናቸው። ልንሄድበት ያላሰብነው አንድ የመንገድ ጥግ የማይጨበጠውን ቆጠራ በአንድ መቀነስ ብቻ ጨረሰልን። ይህን መጀመሪያ በተረዳሁበት ቀን ደብተሬን ዘግቼ ዝም ብዬ እንደተቀመጥኩ ዛሬም ትዝ ይለኛል።

42 የካታላን ቁጥሮች ከሚባሉት አንዱ ነው፤ 1፣ 2፣ 5፣ 14፣ 42፣ 132፣ 429 እያሉ ይቀጥላሉ። የሒሳብ ሊቁ ካታላን ስለ እነሱ የጻፈው በ1838 ቢሆንም፣ ሌላው ሊቅ ኦይለር በ1751 ለባልደረባው ለጎልድባክ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ባለብዙ ማዕዘን ቅርጽን ወደ ሦስት ማዕዘኖች ለመከፋፈል ያሉትን መንገዶች ሲቆጥር ደርሶባቸዋል፤ ሰባት ማዕዘን ያለው ቅርጽ የሚከፋፈልባቸው መንገዶችም እነዚሁ 42 ናቸው። የማጠፉ ዘዴ ደግሞ ከድምፅ ቆጠራ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። በ1887 ፈረንሳዊው ጆሴፍ በርትራንድ እንዲህ ሲል ጠየቀ፦ አሸናፊው ድምፁ አንድ በአንድ ሲቆጠር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲመራ የመቆየት ዕድሉ ስንት ነው? መልሱ የሁለቱ ድምፅ ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል ነው፤ አንዱ 6፣ ሌላው 4 ድምፅ ቢያገኙ 2 ለ10፣ ማለትም ከአምስት አንድ። ከ210 የቆጠራ ቅደም ተከተሎች አንድ አምስተኛው ደግሞ 42 ነው። ይህ አጋጣሚ አይደለም። ሲመራ የሚቆይ ሰው የመጀመሪያው ድምፅ የግድ የእሱ ነው፤ ያንን ከፊት አንስተን በመጨረሻ ለተሸናፊው አንድ ድምፅ ብንጨምር፣ አምስት ለአምስት የሆነና አሸናፊው አንድም ጊዜ ወደ ኋላ ያልቀረበት ቆጠራ እናገኛለን፤ ያ ደግሞ የእኛው መንገድ ነው። በዚያው ዓመት ዴዚሬ አንድሬ አጭር ማረጋገጫ አቀረበ፤ የመስታወቱ ዘዴም በስሙ ሲጠራ ኖሯል። አንድሬ በጽሑፉ ላይ ግን መንገድ አላጠፈም፤ የተከለከሉትን የቆጠራቸው ፊደላቱን ቆርጦ በማለዋወጥ ነበር።

ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ብቻ የሚለው ገደብ ሲነሳ ግን ይህ ሁሉ ምቾት ይጠፋል። ወደ አራቱም አቅጣጫ መሄድ ቢፈቀድና አንድን መገናኛ ሁለት ጊዜ አለመርገጥ ብቻ ቢጠየቅ፣ በዚያው አምስት በአምስት ብሎክ ውስጥ 252 የነበሩት መንገዶች 1,262,816 ይሆናሉ። ለአንድ ብሎክ 2፣ ለሁለት 12፣ ለሦስት 184፣ ለአራት 8,512 ነው። ይህን ቁጥር በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ቀመር እስካሁን ማንም አላገኘም፤ የሚቆጠረው በኮምፒውተር ነው። የፊደል ብልሃቱ አይሠራም፤ የቃሉ ርዝመት ራሱ ይለያያልና። የመጀመሪያው መስታወት ግን አሁንም ይሠራል፤ እዚህም ማንም መንገድ የራሱ መንታ አይሆንም፣ ቁጥሩም ሁልጊዜ በሁለት ይካፈላል።

ይህን ለልጄ ነግሬያት እሑድ ከሰዓት በኋላ ባለ ሁለት ብሎኩን በአዲስ ካሬ ወረቀት ላይ መሳል ጀመረች። መልሱ 12 መሆኑን አልነገርኳትም። ከቆይታ በኋላ ጠርታኝ 11 መንገዶች እንዳገኘች አሳየችኝ። «አንድ ቀርቶኛል» አለች። እንዴት እንዳወቀች ስጠይቃት ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም፤ ወረቀቱን በሰያፍ አጥፋ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችና እያንዳንዱን መስመር ከመንታው ጋር ታስተያይ ጀመር። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ እርሳሷን አነሳች።